ራሰ በራነትና ሕክምናው፤ ከእንጦጦ ሻሽ እስከ ጠጉር ተከላ

ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ከጫኑ በኋላ በተነሧቸው ፎቶግራፎች ሁሉ ማለት ይቻላል ራሳቸው ተሸፍኖ ይታያል። ነጭ ሻሽ እስከ ግንባራቸው ድረስ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ በላዩም ብዙውን ጊዜ ክፈፈ ሰፊ ባርኔጣ ይደፋበታል። ከእርሳቸው በፊት የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ ግን በሹሩባቸው የታወቁ ነበሩ። የምኒልክን ሻሽ ምክንያት ሕዝቡ ሲያወራው የኖረው ከራሰ በራነታቸው ጋር እያያያዘ ነው። ወሬው እውነት ከሆነ ንጉሠ ነገሥቱ ለጉዳዩ ያገኙለት መፍትሔ በዘመኑ በፓሪስም ሆነ በለንደን በጠርሙስ ይሸጥ ከነበረው የጠጉር ማብቀያ ሁሉ የተሻለ ነበር ማለት ይቻላል። ሻሹ ቢያንስ የተባለለትን ይፈጽም ነበርና።

በዚያ ዘመን ጠጉር ጌጥ ብቻ አልነበረም። ሹሩባ የጀግንነት ምልክት ሲሆን፣ ጠላት የገደለ ሰው በራሱ ላይ የሚያሳየው ማዕረግ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን በሠዉ ጊዜ የእንግሊዝ ወታደሮች ከጠጉራቸው ቆርጠው መውሰዳቸው፣ ያም ጠጉር በለንደን የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ከቆየ በኋላ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መመለሱ፣ ጠጉር የሰውየው የራሱ አካልና ክብር ሆኖ መቆጠሩን ያስረዳል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል የተዋደቁት አርበኞችም በጎፈሬያቸው ይታወሳሉ። በአንጻሩ ኀዘን የደረሰበት ሰው ራሱን ይላጫል፤ ካህኑ ይጠመጥማል፤ መነኩሴው ቆብ ይደፋል። ስለዚህ ጠጉሩ በዕድሜ የሳሳበት ሽማግሌ ራሱን የሚያኖርበት የተከበረ ቦታ አያጣም ነበር።

አማርኛውም ይህን ልዩነት ጠብቆ ይዞታል። «ራሰ በራ» መልክን የሚገልጽ ቃል እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። የበሽታ ስም የወጣላቸው ሌሎች ናቸው። «ቆረቆር» በሻጋታ ዘር የሚመጣና ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የራስ ቆዳ ሕመም ነው። «ላሽ» ደግሞ ጠጉርን እንደ ሳንቲም ክብ አድርጎ የሚያነሣ ሲሆን፣ የሰውነት መከላከያ ኀይል ተሳስቶ የገዛ ጠጉሩን ሥር ከማጥቃቱ የተነሣ እንደሚደርስ ዛሬ ይታወቃል። ከተስቦ የተረፈ ሰው ጠጉሩ እንደሚረግፍም ቀድሞ የታወቀ ነው። እነዚህን በአንድ ስም ጠቅልሎ «የጠጉር መርገፍ» ማለት የተጀመረው መድኃኒቱ በማስታወቂያ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ከቃላቱ መደባለቅ ጋር ሕክምናውም ተደባልቋል።

ከሁሉ የከፋው የጠጉር መጥፋት ግን የራስ ጠጉር ሳይሆን የቅንድብ ነበር። የሥጋ ደዌ በሽታ በአንዱ ዓይነቱ የቅንድብን ጠጉር ከውጭው ጫፍ ጀምሮ ያጠፋል። ሕመምተኛው እጁና እግሩ ገና ጤነኛ ሳለ፣ ቅንድብ አልባው ፊቱ ብቻ ምስክር ሆኖበት ከሠፈር፣ ከማኅበርና ከትዳር ይገለል ነበር። በሽታው በመድኃኒት ከዳነ በኋላ እንኳ ቅንድቡ ተመልሶ ስለማይበቅል መገለሉ አይቀርለትም። በራሰ በራነቱ ምክንያት ከእድር የተባረረ ሰው ተሰምቶ አይታወቅም፤ በቅንድቡ መጥፋት ግን ቤተሰብ ፈርሷል። ዛሬ ለመልክ ማሳመሪያ የሚውለው የጠጉር ተከላ ጥበብ ካደገባቸው መንገዶች አንዱ ይህንኑ ችግር ለመፍታት የተደረገው ጥረት ነው።

ሾጂ ኦኩዳ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በቃጠሎና በጠባሳ ጠጉር ለጠፋባቸው ሰዎች ጠጉር ካለበት የራስ ቆዳ በክብ መብሻ ትናንሽ ቁራጮችን እያወጣ መትከሉን ገለጸ። ወዲያው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ ጽሑፉ በምዕራቡ ዓለም ሳይነበብ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1953 ፉጂታ የተባለ ሌላ ጃፓናዊ ሐኪም የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ቅንድብ መልሶ ስለ መሥራት ጻፈ። በሕንድ አገር በቬሎር ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ቀዳጅ ሐኪም ፖል ብራንድ ደግሞ ሌላ ዘዴ ተጠቀመ። ከራስ ቆዳ ላይ ጠጉር ያለበትን ቁራጭ ከደም ሥሩ ሳይለይ በቆዳ ሥር አሳልፎ በቅንድብ ቦታ ያኖረው ነበር። ውሃ ሳይቋረጥ ቧንቧን ወደ ሌላ አቅጣጫ እንደ ማዞር ያለ ሥራ ነው።

ከዚህ ሥራ አንድ የሚያስገርም ነገር ታየ። በቅንድብ ቦታ የተተከለው የራስ ጠጉር የቅንድብን ልማድ አልያዘም። ቅንድብ ጥቂት አድጎ ሲቆም፣ ይህኛው ግን በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ማደጉን ስለሚቀጥል በመቀስ መከርከም ነበረበት። ጠጉር የሚከተለው የተተከለበትን ቦታ ሳይሆን የተነሣበትን ነው ማለት ነው። ይህንን ሕግ አጥርቶ በወንዶች ራሰ በራነት ላይ ያዋለው የኒው ዮርኩ ሐኪም ኖርማን ኦሬንትራይክ ሲሆን፣ ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከማጅራት ተነሥቶ በአናት ላይ የተተከለ ጠጉር የማጅራትን ዕድሜ ይዞ ይኖራል። የራሰ በራነት ቀዶ ሕክምና ሁሉ የቆመው በዚህ በአንዱ መሠረት ላይ ነው።

የኢትዮጵያም ድርሻ በዚህ በኩል ይመጣል። በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ቦታ፣ በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማቋቋሚያ ማእከል ተመሠረተ። ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪሞች የተጨበጠ ጣትን መፍታት፣ የተንጠለጠለ እግርን ማቃናት፣ የተጎዳ ፊትን መጠገን ሠለጠኑበት። ቅንድብን መመለስም የዚሁ የቀዶ ሕክምና ዘርፍ የታወቀ ክፍል ነው። ዛሬ በከተማው ስለ ጠጉር ተከላ ሲወራ ነገሩ ከባሕር ማዶ ትናንት እንደ መጣ የቅንጦት ዕቃ ይታያል፤ ምንጩ ግን ቅንጦት አልነበረም።

ስለ ተከላው አሠራር ሲታሰብ ለመሐንዲስ ቶሎ የሚገባው ነገር ቢኖር የሒሳቡ ጉዳይ ነው። ጠጉር ከቆዳ የሚወጣው ከአንድ ቀዳዳ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሆኖ በዘለላ ነው። በጤነኛ ራስ ላይ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 70 ያህል ዘለላ አለ እንበል። ከግንባር እስከ አናት 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር የተራቆተበት ሰው ቦታውን በግማሽ ጥግግት ብቻ ለመሸፈን 35 በ200 ተባዝቶ 7,000 ዘለላ ያስፈልገዋል። ከማጅራቱና ከጐንና ጐኑ፣ ቦታው ራሱ ሳይራቆት ሊነሣ የሚችለው ግን በብዙ ሰው ዘንድ ከ4,000 እስከ 6,000 ገደማ ነው። ሒሳቡ አይገጥምም። ስለዚህ አዋቂ ሐኪም ግንባሩን ይሠራና አናቱን ሳስቶ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ሁሉንም ቃል ገብቶ የ25 ዓመት ወጣትን ማጅራት በአንድ ቀን ያራቁተዋል፤ ወጣቱ በ40 ዓመቱ ቀሪው ጠጉሩ ሲሸሽ የሚነሣለት ተቀማጭ አይኖረውም። ተከላ ያለውን ያዛውራል እንጂ አዲስ ጠጉር አይፈጥርም።

በኦሬንትራይክ ጊዜ የሚነሣው ቁራጭ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ስለነበረው የተተከለው ጠጉር በመደዳ የተተከለ ችግኝ ይመስል ነበር። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ቁራጩን በማይክሮስኮፕ እየተመለከቱ ዘለላ በዘለላ መለየት ተጀመረ። ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ ደግሞ እያንዳንዱን ዘለላ ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሰ መብሻ በቀጥታ ማውጣት ተስፋፋ። ለአገራችን ሰው እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። ጥቅልል ጠጉር በቆዳ ሥርም የተቆለመመ ሥር ስላለው ቀጥ ብሎ የሚገባ መብሻ ሥሩን ሊቆርጠው ይችላል። ጥቁር ቆዳም በጠባሳው ላይ ሥጋ የማብቀል ዝንባሌው ከፍ ያለ ነው። በሌላ ወገን ጥቅልል ጠጉር በጥቂቱ ብዙ ቆዳ ይሸፍናል። ከቦሌ ተነሥቶ በጥቂት ሰዓት በረራ ኢስታንቡል የሚደርስ ሰው በርካሽ ዋጋ የሚቀበሉት ሐኪም ቤቶች አያጣም፤ መጠየቅ ያለበት ግን ስለ ዋጋው ከመሆኑ በፊት መብሻውን የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ በእርሱ ዓይነት ጠጉር ላይም ምን ያህል እንደ ሠራ ነው።

መድኃኒቶቹም እንደ ተከላው ሁሉ ለሌላ በሽታ ሲፈለጉ የተገኙ ናቸው። ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የተሠራው ለከባድ የደም ግፊት ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 ተፈቀደ፤ ሕሙማኑ ግን ባልታሰበ ቦታ፣ በፊታቸውና በክንዳቸው ላይ ጠጉር አበቀሉ። ይህ የጎንዮሽ ጉዳት ወደ ገበያ ተለወጠና በራስ ላይ የሚቀባው ውሁድ እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈቀደ።

የሁለተኛው መድኃኒት ታሪክ ረዘም ይላል። ስልቦች በራ እንደማይሆኑ ከአርስጣጣሊስ ጀምሮ የታወቀ ነበር። አሜሪካዊው ጄምስ ሐሚልተን እ.ኤ.አ. በ1942 እንዳሳየው፣ ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ሰዎች የወንድ ሆርሞን ሲሰጣቸው ራሰ በራነት በዘራቸው ያለባቸው ጠጉራቸው መሸሽ ይጀምራል። ራሰ በራነት እንዲመጣ ዘርና ሆርሞን አብረው መገኘት አለባቸው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ አንድ ኤንዛይም ጎድሏቸው የተወለዱ ወንዶች ተጠኑ። እነዚህ ሰዎች ሲያድጉ የፕሮስቴት ዕጢያቸው ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ ግንባራቸውም አይሸሽም። ያንን ኤንዛይም የሚገታው ፊናስቴራይድ በ5 ሚሊ ግራም መጠን ለፕሮስቴት እ.ኤ.አ. በ1992፣ በ1 ሚሊ ግራም መጠን ለጠጉር በ1997 ተፈቀደ። በአንዳንድ ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎትንና ችሎታን ስለሚቀንስ፣ በነፍሰ ጡር ሴት በኩልም ወንድ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከሐኪም ምክር ውጭ የሚወሰድ አይደለም።

ሁለቱም መድኃኒቶች የሚጠብቁት በሕይወት ያለውን የጠጉር ሥር ነው። ከሞተ ሥር ጠጉር አያስነሡም። ሲቋረጡም ያቆዩት ጠጉር በወራት ውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ ዋጋቸው የአንድ ጠርሙስ ዋጋ ሳይሆን የሃያና የሠላሳ ዓመት ወጪ ነው፤ እንደ ማንኛውም ማሽን የጥገናው ሒሳብ ከግዢው ጋር አብሮ መታየት ነበረበት።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው ግን በዘር የሚመጣውን ራሰ በራነት ነው። ቀድሞ የተነሣው የቃላት መደባለቅ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያመጣ በቅርቡ ለማየት የተቻለው ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ በኮተቤ ነው። የኮሮና በሽታ በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ ወዲህ የየካ ኮተቤ ሆስፒታል የበሽታው ዋነኛ መታከሚያ ሆነ። እንዲህ ካለ ጽኑ ትኩሳት የዳነ ሰው ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ራሱን ሲታጠብ ወይም ሲያበጥር ጠጉሩ በእፍኝ ሲወጣ ሊያይ ይችላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰውነት በጭንቅ ጊዜ ብዙውን ጠጉር በአንድነት ከማደግ ወደ ዕረፍት ያሳልፈዋል፤ ያረፈው ጠጉር የሚረግፈው ግን ወራት ቆይቶ አዲሱ ከሥር ሲነሣ ነው። የቀድሞ ሰዎች ከተስቦ በኋላ ያዩት፣ በ1911 ዓ.ም. ከኅዳር በሽታ የተረፉትም ሊያዩት ይችሉ የነበረው ይኸው ነው። የሚረግፈው በመላው ራስ ላይ እንጂ በግንባርና በአናት ብቻ አይደለም፤ በአብዛኛው ሰው ላይም በስድስት ወር ገደማ ውስጥ ያለ መድኃኒት ይመለሳል።

የቅባት ነጋዴ ሲሳይ የሚያገኘው ልክ በእነዚህ ስድስት ወራት ነው። በዚህ ጊዜ ራሱን ቅቤ የተቀባ፣ እሬት የተለቀለቀ፣ ወይም ውድ ጠርሙስ የገዛ ሰው ሁሉ ጠጉሩ ይመለስለታል፤ ምስጋናውም ለቀባው ነገር ይሆናል። ያው ሰው ምስክርነቱን ይዞ ግንባሩ በዘር ለሸሸበት ጎረቤቱ ያንኑ ጠርሙስ ያስገዛዋል። ጎረቤቱም ሳይድን ይቀርና ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይገዛል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ቆረቆር የያዘው ልጅ ነው። ቆረቆር በሚቀባ ብቻ የማይድን፣ የሚዋጥ መድኃኒት የሚፈልግ ሆኖ ሳለ፣ ልጁ በቅባት ሲታሽ ወራት ያልፉና ጠባሳው ለዘለቄታው ይቀርበታል። በመጠየቅ ብቻ ሦስቱን መለየት ይቻል ነበር። ጠጉሩ የሄደው ከየት በኩል ነው፤ ከመቼ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰውየው ታሞ ነበር ወይ?

በኮተቤ ጠጉር አስተካካይ ቤቶች ዛሬ ግንባሩ የሸሸበት ወጣት ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተላጭቶ ይወጣል። እንደ ምኒልክ ሻሽ ሁሉ ርካሽና የማያሳፍር መፍትሔ ነው። ነገሩ አልጥም ያለውና መንስኤውን በሐኪም ማስመርመር የሚፈልግ ሰው ግን ከተማዋን ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ አቋርጦ ዘነበወርቅ ድረስ መሄድ ይችላል፤ አለርት ዛሬ የአገሪቱ ዋነኛ የቆዳ ሕክምና ማእከል ነውና። ወረፋ ሲጠብቅ በአጠገቡ ባለው ወንበር የሚቀመጠው ሰው ቅንድቡን በሥጋ ደዌ ያጣ ሊሆን ይችላል።