ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ፦ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ብዙም የማይታወቁ ሥራዎች

በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ወደ ማጠናቀቁ የደረሱ ወጣቶች፣ የኢትዮጵያውያን ልጆችን ጨምሮ፣ በየትምህርት ቤታቸው ከጦሩ መልማዮች ጋር ይገናኛሉ። ቤት ውስጥ የሚነሳው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ «ልግባ» እና «አትገባም» ላይ ይቆማል። ከዚያ በፊት ግን መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ በየትኛው ሥራ? በምን ውል?

ሥራዎቹ

የፓራሹት አጣጣፊ፦ ሌሎች የሚዘሉበትን ፓራሹት ይመረምራል፣ ያጥፋል፣ ይጠግናል። በምድር ጦር ውስጥ አጣጣፊው ራሱም ዘላይ መሆን አለበት፤ በገዛ እጁ ባጠፈው ፓራሹት እንዲዘል ሊጠየቅ ይችላል።

ጠላቂ፦ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ፓናማ ሲቲ በሚገኘው ትምህርት ቤት ይሠለጥናል። ከውኃ በታች ብረት ይበይዳል፣ ይቆርጣል፤ ወደቦችንና ድልድዮችን ይፈትሻል።

የውሻ ተቆጣጣሪ፦ በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ በላክላንድ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ፣ ፈንጂ ወይም አደንዛዥ ዕፅ በሽታ ከሚለይ ውሻ ጋር ይሠራል።

የአውሎ ነፋስ ቃኚ፦ መቀመጫው ሚሲሲፒ፣ ኪስለር የሆነው 53ኛው የአየር ሁኔታ ቃኚ ስኳድሮን የአየር ኃይሉ ተጠባባቂ ክፍል ነው። አውሮፕላኑ የአውሎ ነፋሱን መሐል ሰንጥቆ ሲበር፣ አንዱ የበረራ አባል በትንሽ ፓራሹት የሚወርድ መለኪያ ይለቃል። መሣሪያው የነፋሱን ፍጥነት፣ የአየሩን ግፊት፣ ሙቀትና እርጥበት ባሕሩ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ያስተላልፋል።

ፈንጂ አምካኝ፦ የሁሉም ኃይሎች ሠልጣኞች ፍሎሪዳ በሚገኘው የኤግሊን ሰፈር በአንድነት ይማራሉ። ትምህርቱ ከባድ ነው፤ ብዙዎች ሳይጨርሱት ይቀራሉ።

የሃይማኖት ጉዳዮች ባለሙያ፦ ቻፕሊን የሚባሉት የጦሩ የሃይማኖት አገልጋዮች መሣሪያ አይዙም። የሚጠብቃቸውና የአምልኮ ፕሮግራሞችን የሚያዘጋጀው ይህ ወታደር ሲሆን የሚያገለግለውም የሁሉንም እምነት ተከታዮች ነው። የምድር ጦሩ የመጀመሪያውን ሙስሊም ቻፕሊን የሾመው በ1993 እ.ኤ.አ. ነበር።

ከመፈረም በፊት

ዕድሜ፦ 18 የሞላው ራሱ ይፈርማል፤ የ17 ዓመት ወጣት ግን የወላጅ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ፈተናና ዜግነት፦ «አስቫብ» በተባለው የመግቢያ ፈተና የሚገኘው ውጤት የትኞቹ ሥራዎች ክፍት እንደሚሆኑ ይወስናል። ግሪን ካርድ ያለው መግባት ይችላል፤ እንደ ፈንጂ ማምከን ያሉ የምስጢር ፈቃድ የሚጠይቁ ሥራዎች ግን ዜግነት ይፈልጋሉ።

ውል፦ መልማዩ በቃል የነገራችሁ ሥራ አያስተማምንም። የተፈለገው ሥራ በውሉ ላይ በጽሑፍ መስፈሩን ወላጅና ልጅ አብረው ያንብቡ። ተጽፎም ቢሆን ሥልጠናውን ያላለፈ ወጣት ጦሩ ወደፈለገው ሌላ ሥራ ሊመደብ ይችላል።

ጊዜ፦ የመጀመሪያው ግዴታ በጠቅላላው 8 ዓመት ነው። በመደበኛ አገልግሎት ካለፈው የሚተርፈው በተጠባባቂነት ይቆጠራል፤ በዚያ ጊዜም መልሶ መጠራት አለ።

እምነት፦ ስለ ሶላት፣ ጾም፣ ምግብ፣ ሒጃብና ጺም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፈቃድ የሚሰጠው በጥያቄ ነው፤ ውሳኔውም የመልማዩ ሳይሆን የአዛዦች ነው።

ጥቅም፦ ለ36 ወራት በመደበኛነት ያገለገለ ሰው ለ36 ወራት ያህል የኮሌጅ ትምህርት ሙሉ ድጋፍ ማግኘት ይችላል።

መመለሻ፦ ፈርሞ ገና ወደ ማሠልጠኛ ያልሄደ ወጣት ሐሳቡን ከቀየረ በጽሑፍ አሳውቆ መውጣት ይችላል። ሥልጠና ከገባ በኋላ ግን እንዲህ ቀላል አይሆንም።

ውሻ የሚይዘውም፣ ፓራሹት የሚያጥፈውም መጀመሪያ ወታደር ነው። ቃለ መሐላ ይፈጽማል፤ ጦርነት ሲኖርም ወደታዘዘበት ይሄዳል። የሥራው ማራኪነት ይህንን አይለውጠውም። ስለዚህ ቤተሰብ ተቀምጦ ሊነጋገርበት የሚገባው ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ወጣቱ መልሱን ከፊርማው በፊት ይያዝ።