የቅኔ ቤትና ኮምፒውተር

ኮምፒውተር በክፍል ውስጥ ምን ይሥራ ሲባል፣ እኔ የማስታውሰው ዲማ ጊዮርጊስን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በተማሩበት በዚያ የጎጃም ጉባኤ ተማሪ የሰማውን በማነብነብ ብቻ አያልፍም፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ፣ ያልተሰማ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ተናጋሪው መስኮቱ ሆነ፤ መምህርም ተማሪም አድማጭ። ኮምፒውተር ግን በጠባዩ ለቅኔ ቤት ይቀርባል። ሲሞር ፓፐርትም እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ የተሟገተው፣ ልጁ ማሽኑን ይዘዝ እንጂ ማሽኑ ልጁን አይዘዝ ብሎ ነበር።

ከዓመታት በፊት ደብረ ማርቆስ አካባቢ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ጨርቅ ለብሰዋል፤ ተማሪዎቹ የ«ማውስ»ንና የ«ኪቦርድ»ን ትርጉም ከሰሌዳ ይገለብጣሉ። (ጨርቁ፣ እውነት ለመናገር፣ በጥሩ ጥልፍ የተጠለፈ ነበር።) አንዲት ልጅ ብቻ፣ መምህሯ ፈቅደውላት፣ የአያቷን ተረት በአማርኛ ትተይባለች። ጅቡ ጋ ስትደርስ መብራት ጠፋ፤ ጽሑፉም አብሮ ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አነሣሷ ግን የቅድሙ አልነበረም።