የ3 ዓመቱ ጦርነት በ11 ዓመት ድራማ

“ማሽ” በኮሪያ ጦርነት ጊዜ በ4077ኛው ተንቀሳቃሽ የቀዶ ሕክምና ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞችን ሕይወት የሚያሳይ የአሜሪካ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1983 በሲቢኤስ ቴሌቪዥን 256 ክፍሎች ታይተዋል። ጦርነቱ ራሱ የቆየው ግን ከጁን 1950 እስከ ጁላይ 1953፣ ሦስት ዓመት ከአንድ ወር ብቻ ነበር። ተመልካቾች በድራማው ውስጥ የነቀሷቸው ግጭቶች በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫሉ፤ ሦስት ዓመቱ ለ11 ዓመት ሲለጠጥ ዘመኑ መደራረቡ አልቀረም።

ከሁሉ የሚጎላው የኮሎኔል ሸርማን ፖተር ነገር ነው። ፖተር በአራተኛው ምዕራፍ የሆስፒታሉ አዛዥ ሆኖ ሲመጣ ቀኑ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1952 እንደሆነ በግልጽ ይነገራል። በዚህ ስሌት በኮሪያ የሚቆየው 10 ወር ገደማ ነው፤ ተመልካች ግን ስምንት ዓመት ሙሉ አይቶታል። በ1980 መጨረሻ የታየ ሌላ ክፍል ደግሞ ከ1950 የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ እስከ 1951 ዋዜማ ያለውን አንድ ዓመት ይተርካል፤ ፖተርም ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ እዚያው አለ። ይመጣል ከተባለበት ቀን 20 ወራት ቀድሞ ማለት ነው። ፖተርን የተጫወተው ሃሪ ሞርጋን አንድ ዓመት አስቀድሞ ሆስፒታሉን የጎበኘ፣ አእምሮው የተቃወሰ ጄኔራል ሆኖ ተውኗል። አዲሱ አዛዥ ሲገባ ያንን ፊት ያስታወሰ ሐኪም የለም።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ሆክአይ ፒርስም ቤተሰቡ ተለዋውጦበታል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ ለእናቱና ለእህቱ ሰላምታ ይልካል፤ በኋላ ግን እናቱ በልጅነቱ የሞተችበት አንድያ ልጅ ሆኖ ይቀርባል። ጸሐፊዎቹን በዚህ መውቀስ ይከብዳል። ክፍሎቹ ሲሠሩ አብዛኛው ተመልካች አንዱን በሳምንት አንድ ጊዜ አይቶ ያልፍ ነበር። ስህተቱን ያጋለጠው በየቀኑ በድጋሚ መታየታቸው ነው፤ የዓመታት ልዩነት ያላቸው ክፍሎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከታትለው መጡ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ልዩ የሚሆነው በማርች 1975 የታየው “አቢሲኒያ፣ ሄንሪ” የተሰኘው ክፍል ነው። የቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ የዘመተ በመሆኑ ርዕሱ ወደዚያ ያመለክታል ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። ሆኖም ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ነው፤ “አይል ቢ ሲዪንግ ዩ” የሚለው የእንግሊዝኛ ስንብት ፈጠን ተደርጎ ሲነገር “አቢሲኒያ” ይመስላል። የሚሰናበተው የመጀመሪያው አዛዥ ሄንሪ ብሌክ ነው።

የመጨረሻው ትዕይንት ጽሑፍ ከአብዛኞቹ ተዋንያን ተደብቆ ቆይቶ ሊቀረጽ ሲል ተሰጣቸው። ራዳር የተባለው ወጣት ጸሐፊ ወደ ቀዶ ሕክምናው ድንኳን ገብቶ ብሌክን የያዘው አውሮፕላን በጃፓን ባሕር ላይ ተመትቶ መውደቁን፣ በሕይወት የተረፈ ሰውም እንደሌለ ያነባል። ሁሉም ዝም ይላሉ፤ እጆቻቸው ግን ሥራ አልፈቱም። በዚህ ጸጥታ መሐል አንድ የሕክምና መሣሪያ ወለሉ ላይ ወድቆ ያንቃጭላል። ድምፁ በጽሑፉ ውስጥ አልነበረም፤ ትዕይንቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀረጽ ከአንዱ እጅ አምልጦ የወደቀ ነው። አዘጋጆቹም ሳያወጡት እንዳለ ተዉት።