የቋንቋ ፈተናና የቋንቋ ችሎታ በመካነ ሰላምና በምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራብ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚህ ደጋ የሚያድግ ልጅ በቤቱ ዐማርኛ ይናገራል፤ ከፍ ያለ ትምህርት የሚያገኘው ግን በሌላ ልሳን ነው። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ግእዝን፥ ደረሳው ዐረብኛን፥ የዘመናዊው ትምህርት ቤት ተማሪ እንግሊዝኛን ይማራል። ችሎታቸው የሚመዘንበት መንገድ ግን እጅግ የተለያየ ነው።

በቅኔ ቤት ተማሪው ግሥና አገባብ ያጠናል፤ ከዚያም ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ጀምሮ፥ ዘአምላኪየን፥ ሚበዝኁን፥ ዋዜማንና ሥላሴን እያለ፥ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ስሕተቱም እዚያው ይታረማል። የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አይሆነውም፤ የሌላውን ሸምድዶ ማቅረብም አያስመሰግነውም። ስለዚህ ፈተናው ከዕለት ትምህርቱ የተለየ ነገር አይደለም።

ደረሳውም ነሕው የተባለውን የዐረብኛ ሰዋስው ከአጅሩሚያ እስከ አልፊያ በሸኹ ፊት እያነበበ ይማራል። ብቃቱን የሚመሰክርለትም ያስተማረው ሸኽ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ሌላ ሥርዐት አመጣ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ለለንደን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ይቀመጡ ነበር፤ በኋላም የአገሪቱ የራሷ የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና ተተካ። በዛሬው የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪው እንግሊዝኛ ማወቁን የሚያሳየው ከቀረቡለት መልሶች አንዱን በመምረጥ ነው። ሲናገር የሚሰማው፥ የጻፈውንም የሚያርምለት የለም። መልሱ አራት ምርጫ ከሆነ፥ አንዳች የማያውቅ ሰው እንኳ በዕድል ከአራቱ አንዱን ያገኛል።

ከዚህም የከበደ ነገር አለ። የፊዚክሱም የታሪኩም ጥያቄ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው ሲፈተኑ፥ 900 ሺሕ ከሚጠጉት መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከወደቁት ውስጥ ታሪኩን ሳያውቅ የቀረው ስንቱ ነው፥ ታሪኩን እያወቀ ጥያቄው ያልገባውስ ስንቱ ነው? ቍጥሩ ይህን ለይቶ አይናገርም። የቦረና ገበሬ ልጅ ዕድል ግን በዚያው ቍጥር ይወሰናል።

ይህ ሲባል የጥንቱ ምዘና ጕድለት የለበትም ማለት አይደለም። የቅኔ መምህር የሚያውቀው ደጅ ጠንተው ከእርሱ ዘንድ የተማሩትን ጥቂቶች ነው፤ ፍርዱም የአንድ ሰው ፍርድ ነው። የጽሑፍ ፈተና ግን የማን ልጅ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ብዙዎችን በአንድ ቀን ያስተያያል።

እንግዲህ ማናቸውም ፈተና የሚመዝነው የጠየቀውን ብቻ ነው። ቅኔ ቤቱ መፍጠርን ስለሚጠይቅ ፈጣሪን ያገኛል፤ ደረሳው ማንበብና መፍታት ስለሚጠየቅ በዚያው ይሠለጥናል። መምረጥን ብቻ የሚጠይቅ ፈተና ግን መራጭን ከመለየት አልፎ፥ ይህ ተማሪ እንግሊዝኛ ይችላል ብሎ ሊመሰክር አይችልም።