ሰው ሳይታመም ስለ መመርመር፤ ከፍራሚንግሃም እስከ ዳባት

ከሰው አካል ሁሉ እንደ ልብ ብዙ የሚነገርለት የለም። ልበ ሙሉ፣ ልበ ቢስ፣ ልበ ደንዳና እንላለን፤ ነገር ግን ይኸው ልብ በምን ምክንያት እንደሚደክም ብንጠየቅ መልሳችን አጭር ነው። ባለፈው የክረምት ዕረፍት የክፍላችን ተማሪዎች፣ አንዳንዶቻችን ወደ ስማዳ፣ አንዳንዶቻችን ወደ እስቴ፣ የቀረነውም በንፋስ መውጫ ዙሪያ፣ የሞቱት ዘመዶቻችን በምን እንደሞቱ ሽማግሌዎችን ጠይቀን ነበር። ያገኘነው መልስ «ድንገት ነው»፣ «ውጋት ያዛቸው»፣ «ቀናቸው ደረሰ» የሚል ነው። አንዲት እናት ብቻ፣ ባላቸው እግራቸው አብጦ፣ ትራስ ሳይደራርቡ መተኛት አቅቷቸው እንደነበር ነገሩን። ይህ መልስ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ዋጋ እንዳለው የተረዳነው ኋላ ስለ ልብ ጥናት ታሪክ ስናነብ ነው። ያነበብነውንም ከዚህ በታች እናቀርባለን፤ ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1945 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በራሳቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሞቱ። በዚያው ቀን ደም ብዛታቸው ሲለካ 300 በ190 ነበር። ግፊቱ ለዓመታት እየጨመረ መሄዱ የታወቀ ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት ደም ብዛት ከዕድሜ ጋር መጨመሩ የተፈጥሮ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እንግዲህ የታላቅ መንግሥት መሪ የነበረ ሰው እንኳ ሐኪሞች በጎኑ ቆመው ሳሉ ባለማወቅ ሞተ ማለት ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ባለችው ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ አዲስ ዓይነት ምርመራ ተጀመረ። ዕድሜአቸው ከ30 እስከ 62 የሆነ 5,209 ወንዶችና ሴቶች በየሁለት ዓመቱ እየመጡ እንዲመረመሩ ተስማሙ። ከ1949 ጀምሮ ሥራውን የመሩት ዶክተር ቶማስ ዶበር ናቸው። አዲስነቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ የሚመረመረው ጤነኛው ሰው መሆኑ ነው። ሐኪም ወትሮ የሚያየው የታመመውን ነው፤ ቤት ከተቃጠለ በኋላ አመዱን ቢበትኑት ግን እሳቱ ከምድጃ ይነሣ ከኩራዝ አይታወቅም። በፍራሚንግሃም ቤቱን ሳይቃጠል ጀምረው ጠበቁት። ማን ሲጋራ ያጨሳል፣ የማን ደም ግፊት ከፍ ይላል፣ በማን ደም ውስጥ ኮሌስትሮል የሚባለው ስብ ይበዛል ብለው መዘገቡና ማን እንደሚታመም ለማየት ዓመታት ቈዩ። በ1961 ዶክተር ዊልያም ካነልና ባልደረቦቻቸው ደም ብዛትና ኮሌስትሮል ለልብ በሽታ እንደሚያጋልጡ በጽሑፍ አሳወቁ። በ1971 የተመርማሪዎቹ ልጆች፣ በ2002 ደግሞ የልጅ ልጆቻቸው ተጨመሩ። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቁን ሐኪሞቹ ሳይሆኑ፣ ምንም ሳያማቸው ዕድሜ ልካቸውን እየተመላለሱ ክንዳቸውን ለመርፌ የሰጡት የከተማው ሰዎች ናቸው።

በእኛስ አገር? በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሣኒተሪያኖችን ያስተምር ነበር። በ1986 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራ ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጦ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት መመዝገብ ጀመረ። የጎንደሩ ትምህርት ቤትም በ1996 በዳባት ተመሳሳይ ሥራ አቋቋመ። በእነዚህ ቦታዎች ሰው ሲሞት መዝጋቢው የሐዘኑ ጊዜ እስኪያልፍ ታግሦ ያስታመመውን ዘመድ ይጠይቃል፤ ስንት ቀን ታመመ? እግሩ አብጦ ነበር? ደረቱን ያመው ነበር? ሐኪሞችም መልሱን አንብበው የሞቱን ምክንያት ይፈርዳሉ። መጀመሪያ የታሰበው ስለ ሕፃናትና ስለ ተላላፊ በሽታ ነበር፤ በኋላ ግን ደም ብዛትም ተለካ። በጎንደርና በዳባት በተደረገው ልኬት የገጠሩ ሰው ደም ብዛት ከከተሜው ብዙ ያነሰ ሆኖ አልተገኘም፤ ብዙዎቹም እስኪለኩ ድረስ አያውቁም ነበር።

ሥራው ቀላል እንዳይመስል። ቈጠራ በአገራችን የሚያስጠረጥር ነገር ነው። ሽማግሌው መዝገብ የያዘ ሰው ሲያዩ ግብር ይታያቸዋል፤ ካህኑም ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን በቈጠረ ጊዜ የመጣውን ቸነፈር ያስታውሳሉ። በዚህ የሚስቅ ተማሪ ቢኖር የእናቱን ዕድሜ ጠይቆ ይሞክር።

የፍራሚንግሃምን መልስ እንዳለ ገልብጠን እንዳንጠቀም የሚከለክሉን ነገሮችም አሉ። አንደኛው ጨው ነው። አሞሌ ከአፋር ቈላ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ በሰቈጣ ገበያ አልፎ ወደ አገራችን ሲመጣ ገንዘብ ነበር፤ ገንዘቡን በወጥ ውስጥ የሚያበዛ ሰው የለም። ዛሬ ጨው ርካሽ ነው። በ2015 በመላ አገሪቱ በተደረገ ጥናት አንድ አዋቂ በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚበላ ተገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች ነው።

ሁለተኛውና የሚያሳዝነው፣ የፍራሚንግሃም ልብ በሽታ የጎልማሳና የሽማግሌ ሲሆን፣ በአገራችን ከልብ ሕሙማን ብዙዎቹ የእኛ እኩዮችና ከእኛም የሚያንሱ መሆናቸው ነው። የልጅን ጕሮሮ የሚያሳምም አንድ ዓይነት ተሕዋስ ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነት ለመከላከል ያስነሣው ኃይል በስሕተት በገዛ ልቡ ላይ ይዞራል፤ ደም የሚያስተላልፉት የልብ በሮችም ይጠብባሉ ወይም መግጠም ያቅታቸዋል። በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ይህን ይከለክላል። ብዙ ወላጆች ግን ጕሮሮውን የታመመ ልጅ የሚወስዱት እንጥል ቈራጭ ዘንድ ነበር። በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት በ2009 አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል፤ ከጋይንት እዚያ ድረስ ልጅ ይዞ መሄድ ምን እንደሚጠይቅ ወላጆች ያውቁታል።

ለፋሲካ ወደዚያች እናት ተመልሰን፣ የዳባት መዝጋቢዎች እንደሚጠይቁት አድርገን ጠየቅናቸው። ሁሉን ያስታውሳሉ፤ ሳሉ በስንተኛው ወር እንደጀመረ፣ ባላቸው የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት መውጣት ያቆሙት በየትኛው ጾም እንደሆነ ነገሩን። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቃቸው ሰው እንደነበር ስንጠይቃቸው፣ «ማን ብሎ፣ ልጆቼ» አሉን።