ነዳጅ ያልቃል የተባለበት ዓመት

ሰባተኛ ክፍል ሳለን የሳይንስ መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ማካፈል ሠርቶ አሳየን። ከላይ በዓለም ያለው የነዳጅ ክምችት፣ ከታች በዓመት የሚወጣው። መልሱ አርባ ገደማ መጣ። «እንግዲህ እናንተ ልጅ ስታሳድጉ ቤንዚን የሚባል ነገር አይኖርም» አለን። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በሐዘን ነበር የማየው። ያንኑ ማካፈል በ2020 አኃዝ ብትሠሩት ግን መልሱ ከሃምሳ ይበልጣል። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

መምህራችን ሒሳቡን አልተሳሳተም። ያታለለው «ክምችት» የሚለው ቃል ነው። ክምችት ሲባል ከምድር በታች ያለው ነዳጅ ሁሉ አይደለም፤ ተገኝቶ፣ በጊዜው መሣሪያና በጊዜው ዋጋ ሊወጣ የሚችለው ብቻ ነው። ዋጋ ሲወደድ ወይም መሣሪያ ሲሻሻል ቁጥሩም ያድጋል። በ1980 ወደ 680 ቢሊዮን በርሜል ይገመት የነበረው የዓለም ክምችት፣ በመካከሉ ከአንድ ትሪሊዮን በርሜል በላይ ወጥቶም እንኳ በ2020 ከ1,700 ቢሊዮን አልፏል። ሁሉም አዲስ ግኝት ነው ማለት ግን አይደለም። በ1980ዎቹ አንዳንድ የኦፔክ አባል አገሮች አዲስ ነገር ሳያገኙ ቁጥራቸውን በአንድ ጊዜ ከፍ አድርገው ነበር።

ከ«መቼ ያልቃል?» የተሻለ ጥያቄ የጠየቀው ማሪዮን ኪንግ ሃበርት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ምድር ተመራማሪ ነው። የእሱ ጥያቄ «ምርቱ ማደጉን አቁሞ መውረድ የሚጀምረው መቼ ነው?» የሚል ነበር። ሃበርት የሼል ኩባንያ ባልደረባ ሆኖ በ1956 በቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ከተማ፣ በነዳጅ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ጥናቱን አቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ነዳጅ በአንድ አገር ከዜሮ ይጀምራል፣ ያድጋል፣ ጣሪያ ይነካል፣ ከዚያ ይወርዳል፤ በወረቀት ሲሣል ደወል የሚመስል ቅርጽ ይወጣዋል። በአሜሪካ በጠቅላላው የሚወጣው ነዳጅ 150 ቢሊዮን በርሜል ከሆነ ጣሪያው በ1965 አካባቢ፣ 200 ቢሊዮን ከሆነ ደግሞ በ1970 አካባቢ ይሆናል አለ። ብዙዎች አላመኑትም። ከዚያ በፊት ብዙ የ«አለቀልን» ወሬ ሰምተው ነበርና አይፈረድባቸውም። በ1919 እንኳ የአሜሪካ መንግሥት የሥነ ምድር ባለሙያ የነበረው ዴቪድ ዋይት፣ የአገሪቱ ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጣሪያ ይነካል ብሎ ነበር፤ አልሆነም።

የሃበርቱ ግን ሆነ። የአሜሪካ ምርት በ1970 በቀን ወደ 9.6 ሚሊዮን በርሜል ደረሰና መውረድ ጀመረ። በ1972 የቴክሳስ ባለሥልጣናት የጉድጓዶቹን የምርት ገደብ አነሡ፤ ከዚያ ወዲያ ችግር ሲመጣ የሚከፈት መጠባበቂያ ቧንቧ አሜሪካ አልነበራትም። በሚቀጥለው ዓመት የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ የአንድ በርሜል ዋጋ ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ገደማ የተወነጨፈው በዚህም ምክንያት ነው። ያ ዋጋ አዲስ አበባም ደረሰ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨመር ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። የንጉሡ መንግሥት የወደቀው በቤንዚን ብቻ አልነበረም፤ የወሎ ረሃብ፣ የመምህራኑ ጥያቄ፣ የወታደሩ ብሶት ነበሩ። ወላጆቻችሁን ወይም አያቶቻችሁን ብትጠይቁ ግን ያን የታክሲ አድማ የሚያስታውስ አታጡም።

አንድ ጊዜ ስለተሳካለት ሃበርት እንደ ነቢይ ተቆጠረ። እሱ ያቀረበው ግን ትንበያ እንጂ ትንቢት አልነበረም፤ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ ይሆናል» የሚል ነው። ጊዜውን ቢያገኝም ልኩን አላገኘም፤ የ1970ው ምርት እሱ ከሣለው ጣሪያ በላይ ነበር። ስለ ዓለም ያለው ደግሞ በጣም ራቀ። በ1956 የዓለም ምርት በ2000 ገደማ በዓመት 12.5 ቢሊዮን በርሜል ላይ ጣሪያ ይነካል ብሎ ነበር፤ 2000 ሲደርስ ግን ከዚያ እጥፍ በላይ ይመረት ነበር።

የተከተሉት ደግሞ ደፈሩ። በ1998 ኮሊን ካምቤልና ዣን ላሄሬር ከ2010 በፊት የዓለም ምርት መውረድ ይጀምራል ብለው ጻፉ። ከሃበርት ጋር በሼል የሠራው ኬነት ዴፈይስ፣ ግማሹን በቀልድ፣ የ2005ን የአሜሪካውያን የምስጋና ቀን ቀጠሮ አድርጎ ሰጠ። በ2008 አንድ በርሜል ከ140 ዶላር ሲያልፍ ብዙ ሰው «ይኸው!» አለ።

ነገር ግን ያው ውድ ዋጋ ሌላ በር ከፈተ። ዘይትና ጋዝ አጥብቆ የያዘ ጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ በቴክሳስና በሰሜን ዳኮታ እንዳለ ድሮም ይታወቅ ነበር፤ ማውጣቱ ነበር የማያዋጣው። መሰርሰሪያውን ከመሬት በታች አግድም አዙሮ፣ ድንጋዩን በከፍተኛ የውሃ ግፊት መሰንጠቅ ሲቻል፣ በ2008 በቀን ወደ 5 ሚሊዮን በርሜል ወርዶ የነበረው የአሜሪካ ምርት በ2018 የ1970ውን ጣሪያ አለፈ። በ2023 ወደ 13 ሚሊዮን ተጠጋ። ሃበርት በ1989 ስለሞተ ይህን አላየም።

ታዲያ ተሳስተው ነበር? እኔ ግማሽ በግማሽ እላለሁ። የዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ በ2010 ባወጣው ዘገባ፣ በተለመደው መንገድ የሚወጣው ድፍድፍ ነዳጅ በ2006 በቀን 70 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ደርሶ እንደነበርና ወደዚያ እንደማይመለስ ገምቶ ነበር። ይህ ከዴፈይስ የቀልድ ቀጠሮ ብዙ አይርቅም። ቀላሉ ነዳጅ አስቸግሯል፤ የተተካው ደግሞ የሚወደድና አድካሚ ነው። የደወሉ ሥዕል የማያሳየው የሰው ብልሃትንና ዋጋን ነው።

አሁን ክርክሩ ተገልብጧል። የሚጠየቀው ጉድጓዱ መቼ ይደርቃል ሳይሆን ገዢው መቼ ይቀንሳል ነው። ይኸው ኤጀንሲ በ2023 የዓለም የነዳጅ ፍላጎት ከ2030 በፊት ጣሪያ ይነካል ብሎ ነበር፤ ኦፔክ አይስማማም። አገራችን ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ የምትገዛ ናትና በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። የ2030ው ቀጠሮ ሲደርስ ብዙዎቻችሁ ገና ሠላሳ ዓመት አይሞላችሁም፤ ደብተራችሁ ላይ ጻፉትና እናያለን።