የፍሎፒዋ ትንሽ መቀርቀሪያ

ሊነክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ልደት በየዓመቱ ይታሰባል። የሄልሲንኪው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሥራውን ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ለዓለም ማሳወቁ ብዙ የተነገረለት ታሪክ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ከዚያ በኋላ በአንዲት ፍሎፒ ዲስክ ዙሪያ የተነሣው ክርክር ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዴቭ ሲኔጅ «ሊነክስ ራውተር ፕሮጀክት»ን የጀመረው በ1997 ነው። የቢሮን ኔትወርክ ከኢንተርኔት ጋር ለሚያገናኝ ራውተርና ከሰርጎ ገብ ለሚጠብቅ ፋየርዎል፣ ከመጋዘን የወጣ አሮጌ 486 ኮምፒውተርና ሁለት የኔትወርክ ካርድ ይበቃል፤ ሃርድ ዲስክ አያስፈልግም። ማሽኑ ሲበራ ፍሎፒው ላይ የታመቀው ሁሉ ተፈትቶ ሜሞሪ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ ወዲያ ፍሎፒው ቢወጣም ፋየርዎሉ ሥራውን አያቋርጥም። የመደበኛው ፍሎፒ አቅም 1,440 ኪሎባይት ነበር፤ ባለሙያዎቹ በአንድ ትራክ ላይ ያሉትን 18 ሴክተሮች ወደ 21 አሳድገው 1,680 አደረሱት።

ክርክሩ የመጣው ፍሎፒውን በፍላሽ ሜሞሪ እንተካው ሲባል ነው። ፍሎፒ ወዳዶች የሚሟገቱት በጥግ ላይ ባለችው ጥፍር የምታህል ፕላስቲክ ነበር። ገፋ ስትደረግ ቀዳዳዋ ይከፈታል፤ ቀዳዳዋ ክፍት ከሆነ ድራይቩ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ሰርጎ ገብ ፋየርዎሉን ቢሰብር እንኳ ያበላሸው ሜሞሪውን ብቻ ነው፤ ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ንጹሑን ይመልሳል። ኮምፓክት ፍላሽ የተባለው ካርድ ግን ይህች መቀርቀሪያ የለችውም።

ሙግቱ እውነት አለው። ይሁንና ፍሎፒ በደቂቃ 300 ጊዜ ይሽከረከራል፣ የድራይቩ አንባቢ ገላውን እየነካ ያልፋል፣ አቧራም ይገባበታል። ከሁሉ የሚከፋው መበላሸቱ የሚታወቅበት ሰዓት ነው። ወራት ሙሉ ሳይጠፋ የሠራው ማሽን መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሎፒውን ማንበብ ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ ቢሮው በሙሉ ከኢንተርኔት ውጭ ይሆናል። ከእንቅልፉ የማይነሣ ዘበኛ ምን ያህል ታማኝ ቢሆን ምን ይረባል?

ሳንዲስክ በ1994 ያወጣው ኮምፓክት ፍላሽ እንደ ሃርድ ዲስክ ስለሚሠራ፣ በርካሽ አስማሚ ከሃርድ ዲስኩ ገመድ ጋር ይገጠም ነበር። የሚሽከረከር አካል የለውም። ፍላሽ ተደጋግሞ ሲጻፍበት ያልቃል የሚለው ስጋትም መልስ አገኘ፦ ሥርዓቱ እንደ ፍሎፒው ዘመን ሜሞሪ ላይ ይሠራል፣ የዕለት መዝገቡም እዚያው ይቀመጣል፤ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ቅንብር ሲለወጥ ብቻ ነው።

የሲኔጅ ፕሮጀክት በ2003 ተዘጋ፤ «ሊፍ» የተባለው ተተኪው ሥራውን ቀጠለ። ሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂ የተባለው የቤት ራውተርም ሊነክስን በ4 ሜጋባይት ፍላሽ ላይ ይዞ ገበያ ገባ። በ2004 ከእርሱ የተነሣው ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው የራውተር ሶፍትዌር ዋናውን ሥርዓት በማይጻፍበት ክፍል፣ ለውጡን ደግሞ በላዩ በተነጠፈ ሌላ ክፍል ያስቀምጣል።

ዛሬ ብዙዎቹ የዋይፋይ ሳጥኖች ከጀርባቸው በመርፌ የምትነካ ቀዳዳ አለቻቸው። ተጭነን ስንይዛት የተለወጠው ይጠፋል፣ የመጀመሪያው ይመለሳል። ፍላሹ አሸነፈ፤ የፍሎፒ ወዳዶቹ ሐሳብ ግን በዚያች ቀዳዳ ውስጥ አለ።